ኮረኮንች መንገድ የሚሸጥበት ገበያ፦ ቆቦ ምን አላት፣ ምን ይጎድላታል?

በነጋዴው ስሌት ኮረኮንች መንገድ ኪሳራ ነው። ባሌስትራ ይሰብራል፣ ጎማ ይበላል፣ የጭነት ዋጋ ያንራል። ከቆቦ አስፋልት ወደ ገጠር ገብቶ ማሽላ ወይም ሽንኩርት የሚጭን የአይሱዙ ባለንብረት ይህን አሳምሮ ያውቀዋል። ሆኖም በሌላው ዓለም ገንዘብ ከፍሎ ኮረኮንች ፍለጋ የሚሄድ ደንበኛ አለ። ይህ ደንበኛ ሰፋ ያለ ጎማ የተገጠመለት ብስክሌት ይዞ በወይን እርሻ መካከል ኮረብታ ሲወጣና ሲወርድ ውሎ፣ ማታ እዚያው የተጠመቀውን ወይን ጠጥቶ፣ እዚያው አድሮ፣ ሒሳቡን ዘግቶ የሚሄድ ነው።

የዚህ ገበያ ዋነኛ ማሳያ በጣሊያን ቶስካና የሚገኘው ኮረብታማው የወይን አገር ኪያንቲ ነው። እ.ኤ.አ. በ1997 በጋዮሌ ከተማ «ኤሮይካ» የተሰኘ የብስክሌት ጉዞ ሲጀመር የተሳተፉት 92 ሰዎች ብቻ ነበሩ። የሐሳቡ አመንጪ ጃንካርሎ ብሮቺ ዓላማው በአስፋልት እየተዋጡ የነበሩትን ነጫጭ የጠጠር መንገዶች ከመጥፋት ማዳን ነበር። ተሳታፊው እ.ኤ.አ. ከ1987 በፊት የተሠራ ብስክሌት ይዞ እንዲመጣ መደረጉም ጉዞውን ልዩ አደረገው። በ10 ዓመቱ፣ እ.ኤ.አ. በ2007፣ «ስትራዴ ቢያንኬ» የተባለው የባለሙያዎች ውድድር በእነዚሁ መንገዶች ላይ ተጀመረ። ዛሬ ወደ ጋዮሌ የሚመጣው ብስክሌተኛ በሺዎች ይቆጠራል። ማንም አዲስ መንገድ አልሠራም። የተሸጠው በእጅ የነበረው አሮጌው መንገድ ነው።

የቆቦ ጉዳይም የሚነሳው ከዚህ ነው።

መሬቱና መንገዱ

ከአዲስ አበባ በስተሰሜን 570 ኪሎ ሜትር ያህል፣ ከወልዲያ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው ቆቦ ከባሕር ወለል በላይ 1,470 ሜትር ገደማ ከፍታ አላት። ከተማዋ ያረፈችው ሜዳ ላይ ነው። በምሥራቅ የዞብል ተራሮች ይታያሉ፣ ከእነርሱ ወዲያ አፋር ነው። በምዕራብ ወደ ግዳንና ወደ ላስታ የሚያወጣው ደጋ ግድግዳ መስሎ ቆሟል። በሰሜን አላማጣን አልፎ የግራት ካሕሱ ጠመዝማዛ ዳገት ይጀምራል። ለጀማሪ ሜዳ፣ ለጎበዝ ዳገት በአንድ ቀን ጉዞ ውስጥ የሚገኝበት ቦታ ነው።

መንገዱም አለ። በ2003 ዓ.ም. የተጀመረው ሁለንተናዊ የገጠር መንገድ ተደራሽነት ፕሮግራም ቀበሌዎችን ክረምት ከበጋ በሚያገለግል የጠጠር መንገድ የማገናኘት ዓላማ ነበረው። በአገሪቱ ያሉ ብዙ የገጠር ጠጠር መንገዶች የዚህ ሥራ ውጤት ናቸው። ለባለሀብቱ ዋናው ነገር መንገዱ የሕዝብ መሆኑ ነው። ሊዝ አይጠየቅበትም፣ ካሳ አይከፈልበትም። በሆቴል ወይም በእርሻ ሥራ ከሁሉ በፊት የሚመጣው የመሬት ጥያቄ እዚህ ላይ የለም።

ችግሩ ክረምቱ ነው። ጎሊና፣ ሆርማትና ጎቡ ከደጋው የሚወርዱ ወንዞች ናቸው። ገበሬው ጎርፋቸውን ጠልፎ ማሳውን ያጠጣበታል፤ ለብስክሌተኛ ግን በሐምሌና በነሐሴ መሻገሪያቸው አያስተማምንም። በሌላ በኩል የቆቦ ልጃገረዶች በዓል ሶለል የሚውለው በነሐሴ አጋማሽ ነው። ስለዚህ ሁለቱን በአንድ ጥቅል መሸጥ አይቻልም። የሶለል እንግዳ ለከተማው ነው። የብስክሌት እንግዳ ማሽላ በሚታጨድበትና ሙቀቱ በሚበርድበት ከኅዳር እስከ የካቲት ባለው ጊዜ መምጣት አለበት።

ወይኑስ?

እዚህ ላይ ሒሳቡ ይለያል። ቆቦ በማሽላ፣ በጤፍ፣ በሽንኩርትና በቲማቲም እንጂ በወይን ጠጅ አትታወቅም። በቆቦ ጊራና ሸለቆ የከርሰ ምድር ውኃ በጉድጓድ እየወጣ ለመስኖ መዋሉ አትክልትና ፍራፍሬ የሚያስብን ሰው ያበረታታ ይሆናል። ወይን ግን ትዕግሥት ይጠይቃል።

የቅርቡ ምሳሌ ዝዋይ ነው። የፈረንሳዩ ካስቴል ኩባንያ ከቦርዶ ያስመጣውን የወይን ችግኝ መትከል የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2007 ሲሆን፣ «ሪፍት ቫሊ» እና «አኬሺያ» የተባሉት ወይኖቹ ገበያ የወጡት እ.ኤ.አ. በ2014 ነው። እርሻው 120 ሄክታር ያህል ነበር፤ ጉማሬ እንዳይገባበትም ዙሪያውን ቦይ ተቆፍሮለታል። ከችግኝ እስከ ጠርሙስ 7 ዓመት ማለት ነው፤ ይህም ካፒታሉና ባለሙያው ላለው ትልቅ ኩባንያ። በባንክ ብድር የሚንቀሳቀስ መካከለኛ ነጋዴ 7 ዓመት ወለድ እየከፈለ ፍሬ ሊጠብቅ አይችልም።

ያም ሆኖ ኪያንቲ የሸጠችው የራሷን መጠጥና የራሷን ማዕድ እንጂ የሌላ አገር ጠርሙስ አይደለም። ቆቦም ከዝዋይ ወይን ጭና ብታቀርብ የሚጣፍጥ ነገር አይኖርም። የቆላው ጠላ፣ የራያ ወተትና ቅቤ፣ የማሽላው እንጀራ በቦታው አሉ። የራያ ስም ደግሞ በማይጨው ተጠምቆ በወጣው ቢራ ምክንያት በአገሪቱ ጠጪ ዘንድ እንግዳ አይደለም።

አነስተኛ ስሌት

የሥራው መጠን ሳይጋነን መታየት አለበት። ለምሳሌ 12 ብስክሌተኞች ለ3 ሌሊት ቢያርፉ 36 የአልጋ ሌሊት ይሆናል። መንገድ መሪ፣ ሾፌርና መካኒክ ሲጨመሩ 45 ይደርሳል። በየወሩ አንድ ቡድን ቢመጣ፣ በ4ቱ የበጋ ወራት 180 የአልጋ ሌሊት ይገኛል። ይህ ቁጥር አዲስ ሆቴል ለማሠራት ምክንያት አይሆንም። በከተማው ካሉት ፔንሲዮኖች ጋር ንጽሕናና ሙቅ ውኃ የሚያስገድድ ውል ለመግባት ግን ይበቃል። ትርፉ በክፍል ኪራይ ሳይሆን በጥቅሉ ላይ ነው፦ መኪና፣ ምግብ፣ መሪ፣ ብስክሌት።

ከእነዚህ ሁሉ ብዙ ገንዘብ የሚይዘው ብስክሌቱ ነው። የጠጠር መንገድ ብስክሌት የሚባለው መሪው እንደ ውድድር ብስክሌት የታጠፈ፣ ጎማው ግን 40 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ የሚሰፋ፣ ፍሬኑ የዲስክ የሆነ ነው። እንግዳው የራሱን ይዞ ከመጣ አዘጋጁ ከዚህ ወጪ ይድናል። ቢሆንም ካላማዳሪ፣ ካቴናና የፍሬን ሸራ በአጃቢው መኪና ላይ መኖር አለበት። የቆቦ ጎሚስታ የባጃጅና የአይሱዙ ጎማ ይጠግናል እንጂ የዲስክ ፍሬን አያስተካክልም። አንድ ወጣት መካኒክ አሠልጥኖ ማስቀመጥ ከማስታወቂያ ይቀድማል።

የብስክሌት ስፖርት ለሰሜኑ ሕዝብ ባዕድ አይደለም። የመቀሌው ፅጋቡ ግርማይ እ.ኤ.አ. በ2016 በቱር ደ ፍራንስ የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኗል። በመሪነትም ሆነ በመካኒክነት ሊሠለጥኑ የሚችሉ ወጣቶች በአካባቢው ይገኛሉ።

የማይታለፈው ጥያቄ

ይህ ሁሉ የሚቆመው በአንድ ምሰሶ ላይ ነው፤ እርሱም ሰላም ነው። ቆቦ በ2013 ዓ.ም. ክረምት በጦርነቱ እጅ ገብታ ሰላማዊ ነዋሪዎቿን አጥታለች። በነሐሴ 2014 ጦርነቱ ያገረሸው በዚሁ ግንባር ሲሆን ከተማዋ ዳግም ተይዛለች። ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. የፕሪቶሪያው ስምምነት ተፈረመ። ዓመት ሳይሞላ፣ ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም.፣ በአማራ ክልል በተቀሰቀሰው ግጭት የተነሳ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። እህል የሚጭን ነጋዴ መንገድ ሲዘጋ መጋዘኑን ቆልፎ ይጠብቃል፤ እህሉ ይቆይለታል። ያላደረ እንግዳ ግን ነገ አይሸጥም፤ ያለፈ ሌሊት ያለፈ ሌሊት ነው።

ስለዚህ ወደዚህ ሥራ የሚያስብ ሰው መንገድ ተከፍቶ ሰላም ሲጸና የሚንቀሳቀስ፣ ሲታወክ ያለ ብዙ ኪሳራ የሚቆም ሥራ ቢይዝ ይሻለዋል። አጃቢ መኪና በሌላ ጊዜ ጭነት ይጭናል፣ ፔንሲዮኑ ተራ መንገደኛ ያሳድራል፣ መካኒኩ ባጃጅ ይጠግናል። ሕንፃ ያቆመና ወይን የተከለ ግን ነቅሎ መሄድ አይችልም። ኪያንቲም ወይኗ የቆየ ቢሆንም ብስክሌተኛውን ያመጣላት ጠጠሩ ነው። በቆቦም ጠጠሩ ተነጥፎ ይገኛል፤ መጀመሪያ የሚሞከረው እርሱ ነው።