«ሰብሳቢ ተሾመ» ሲባል

ትናንት አመሻሽ ሆጤ ሰፈር ጀበና ቡና ላይ ቁጭ ብለን፣ ከስልኬ ላይ የአንድ ዩኒቨርሲቲ ቦርድ አዲስ ሰብሳቢ እንደተሾመለት ጮክ ብዬ አነበብኩ። ጡረታ የወጡት የሰፈራችን መምህር ሲኒያቸውን አስቀመጡና «ሰብሳቢ ማለት ስብሰባውን ከፍቶ የሚዘጋ፣ በመሃል ሃይላንድ ውሃ የሚጠጣ ሰው ነው» አሉ። ሳቅን። ቤት ከገባሁ በኋላ ግን ቀልዱ እንቅልፍ ነሳኝ።

ከቅርባችን ልጀምር። የእኛው ወሎ ዩኒቨርሲቲ፣ የኮምቦልቻው ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ጭምር፣ ከፕሬዚዳንቱ በላይ ቦርድ አለው። ዕቅድና በጀት የሚያየው፣ ፕሬዚዳንቱን «ይህ ገንዘብ የት ገባ?» ብሎ የሚጠይቀው እሱ ነው። በ2001 በወጣው የከፍተኛ ትምህርት አዋጅ ቁጥር 650 ድምፅ የሚሰጡት አባላት 7 ነበሩ። ሰብሳቢውንና 3ቱን ትምህርት ሚኒስቴር በቀጥታ ይመርጥ ነበር፤ የቀሩትን 3 ደግሞ ዩኒቨርሲቲው ይጠቁምና ሚኒስቴሩ ይሾም ነበር። 4 ለ 3 ማለት ነው። ያውም 3ቱም ቢሆኑ የመጨረሻዋ ፊርማ የሚኒስቴሩ ነበረች።

ሰብሳቢ ሆኖ የሚመጣው ብዙ ጊዜ ሌላ ወንበር ያለው ባለሥልጣን ነው። በዓመት ጥቂት ቀን ብቅ ይላል፣ የተዘጋጀ ሪፖርት ይቀርብለታል። ሪፖርቱን የሚያዘጋጀው ደግሞ ተጠያቂው ራሱ! (በ1954 ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሲከፈት ቻንስለሩ ንጉሡ ራሳቸው ነበሩ። ያኔ ቢያንስ ነገሩ ግልጽ ነበር፤ ከዚያ ወዲያ አቤት የሚባልበት የለም።)

ተቆጣጣሪውስ? በ1995 የከፍተኛ ትምህርት አግባብነትና ጥራት ኤጀንሲ ተቋቋመ፤ በ2014 ሥልጣኑ ሰፍቶ የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ተባለ። ለረጅም ዘመን የግል ኮሌጅ ለየካምፓሱና ለየትምህርት ክፍሉ የእውቅና ፈቃድ ሲለምን፣ የመንግሥቱ ያለ ፈቃድ ይከፍት ነበር። ዳኛውም ተጫዋቹም የአንድ ቤት ልጆች ነበሩ። ሁለቱ በአንድ ሚዛን የተቀመጡት የመውጫ ፈተና በሁሉም የትምህርት መስክ በ2015 ሲጀመር ነው።

የግሎቹን ንጹሕ ናቸው እያልኩ አይደለም። የእህቴ ልጅ 3 ዓመት ከፍላ ከተመረቀች በኋላ፣ የተማረችበት ቅርንጫፍ ለዚያ ሙያ ፈቃድ እንዳልነበረው ሰማች። ዲግሪዋን በሰማያዊ ላስቲክ ማህደር ይዛ ከቢሮ ቢሮ ስትዞር ከረመች። ማህደሩ ጠርዙ ተቀደደ፣ በፕላስተር ለጠፈችው። በየመስኮቱ «የእኛ ጉዳይ አይደለም» አሏት። ከእነዚያ መስኮቶች ሁሉ በላይ የሚጠየቅ አካል ይኑር አይኑር አንድም ሰው አልነገራት፤ እሷም አልጠየቀች፣ እኔም አላውቅም ነበር።

በ2015 የወጣው አዋጅ ቁጥር 1294 ዩኒቨርሲቲዎች ራስ ገዝ የሚሆኑበትን በር ከፈተ፤ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም ቀድሞ ገባ። ራስ ገዝ ሲኮን የሰብሳቢው ወንበር ይከብዳል፤ ለሚኒስቴሩ ይተው የነበረው ውሳኔ ወደ ቦርዱ ይመጣል። ስለዚህ፣ ሹመት ስሰማ ከዶክትሬቱ ብዛት በፊት የምፈልገው፣ ሰውየው «አይሆንም» ቢል ነገ የሚያጣው ሌላ ወንበር አለው ወይ የሚለውን ነው።

ዛሬ ጠዋት ይህንኑ ለመምህሩ ነገርኳቸው። «ጋሼ፣ ውሃ ጠጪ ብቻ አይደለም» አልኳቸው።

«እሺ» አሉኝ፣ «የአንዱን ቦርድ ቃለ ጉባኤ አንብበህ ታውቃለህ?»

አላነበብኩም።