የማኅበረሰብ ክብካቤ ጥምረት፦ ጎረቤትና ባለሙያ ሲገናኙ

በአንድ ቀበሌ ውስጥ ማሳዋን የሚያርስላት ያጣች አሮጊት፣ ታናናሾቹን የሚያሳድግ ወላጅ አልባ ልጅ ወይም ከአልጋ መነሣት ያቃተው ሕመምተኛ የት እንዳለ ከሁሉ ቀድሞ የሚያውቀው ጎረቤት ነው። የማኅበረሰብ ክብካቤ ጥምረት የተመሠረተው በዚህ እውቀት ላይ ነው።

ጥምረቱ የቀበሌ አመራር፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ፣ መምህር፣ የሃይማኖት አባት፣ የሴቶች ተወካይና የአገር ሽማግሌ አብረው የሚቀመጡበት የበጎ ፈቃደኞች ኮሚቴ ነው። ችግረኛውን ይለያል፤ ከነዋሪው ገንዘብና እህል ያሰባስባል፤ ጉልበትም ያስተባብራል። የእርሻ ወቅት ሲደርስ በሬ ያለው ጎረቤት ጥማዱን ይዞ የአቅመ ደካማዋን ማሳ ያርሳል፤ ሌላው ዘር ያዋጣል፤ ወጣቶች ደግሞ የሚያፈሰውን ጣሪያ ይጠግናሉ።

ሐሳቡ ለኢትዮጵያ ባዕድ አይደለም። ለቀብርና ለለቅሶ የተቋቋሙ እድሮች ኤች.አይ.ቪ. ብዙ ወላጆችን በቀጠፈበት ዘመን ፊታቸውን በሕይወት ወዳሉት አዙረው፣ የሟች አባሎቻቸውን ልጆች መደገፍ ጀምረዋል።

ጥምረቱ በሰፊው የተፈተነው ትግራይ ውስጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 በዓብዪ ዓዲ ከተማና በሕንጣሎ ወጀራት ወረዳ በዩኒሴፍ ድጋፍ የማኅበራዊ ጥሬ ገንዘብ ድጋፍ ሙከራ ተጀመረ። ድጋፉ የታሰበው በጣም ድሃ ለሆኑና ሠርቶ የሚያድር ሰው ለሌላቸው ቤተሰቦች ነበር። ገንዘቡ የመጣው ከውጭ ቢሆንም፣ ማን ይቀበል የሚለውን የመለየት ሥራ የያዙት በየሰፈሩ ያሉት ጥምረቶች ነበሩ።

ይሁንና ጎረቤት ሁሉን አያይም። ቤት ውስጥ የሚደበቅ የአካል ጉዳተኛ ልጅ አለ፤ ባሏ የሚደበድባት ሴት ጉዳይዋን በሚያውቋት ኮሚቴ ፊት ለመናገር ትፈራለች፤ ዝምድናና ቂምም በምርጫው ውስጥ ሊገቡ ይችላሉ። የማኅበራዊ ሥራ ባለሙያ የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው። ቤት ለቤት ይሄዳል፣ ብቻ ለብቻ ያነጋግራል፣ ምስጢር ይጠብቃል፣ የእያንዳንዱን ቤተሰብ ጉዳይ መዝግቦ ይከታተላል። ከሰፈሩ አቅም በላይ የሆነውን ደግሞ ለጤና ጣቢያ፣ ለፖሊስ ወይም ለወረዳው ጽሕፈት ቤት ያስተላልፋል።

አገሪቱ ለዚህ ሙያ የሰጠችው ትኩረት ግን ወጥ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1959 አዲስ አበባ ላይ የተከፈተው የማኅበራዊ ሥራ ትምህርት ቤት በደርግ ዘመን ተዘግቶ ቆየ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ዳግም የከፈተው እ.ኤ.አ. በ2004 ሲሆን የጀመረውም በማስተርስ ደረጃ ነበር። ለአንድ ትውልድ ያህል የተቋረጠ ሙያ በየቀበሌው ሰው ቢያጣ አያስገርምም።

እ.ኤ.አ. በ2014 የጸደቀው ብሔራዊ የማኅበራዊ ጥበቃ ፖሊሲ መንገዱን ከፍቷል። አሁን የሚጠበቀው ወረዳዎች ለባለሙያው ቋሚ መደብና የትራንስፖርት በጀት እንዲይዙለት፣ እድሮችም ተወካያቸውን ወደ ጥምረቱ እንዲልኩ ነው። እድርተኛ የሆነ አንባቢ ይህን በሚቀጥለው ስብሰባ አጀንዳ ያስይዝ።