ከአሜሪካ የመጣው ግራይንደር ከመሰካቱ በፊት

ከአሜሪካ የመጣ ዘመድ ከሻንጣው ግራይንደር ወይም ትራፓኖ ሲያወጣ ቤቱ ደስ ይለዋል። ስፒናው ከሶኬታችን ጋር አልገጥም ሲል ግን አዳፕተር ተገዝቶ ይሰካል። ሞተሩ ጆሮ የሚያደነቁር ጩኸት ያሰማል፤ ወዲያው የተቃጠለ ቫርኒሽ ይሸታል፤ ከአየር ማስገቢያው ቀዳዳ ጭስ ይወጣል። አዳፕተር የስፒናውን ቅርጽ እንጂ ቮልቴጁን አይለውጥም።

የአሜሪካ ቤት መብራት 120 ቮልት፣ 60 ኸርዝ ነው። የእኛ 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ። ስለዚህ ከመሰካት በፊት በሞተሩ ጎን የተለጠፈችውን ጽሑፍ ማንበብ ግድ ነው። 110፣ 115 ወይም 120 የሚል ካገኛችሁ ሦስቱም የአንድ ቤት ልጆች ናቸው። ለቤት የሚሰጠው 120 ሆኖ ሳለ ብዙ ሞተር ላይ 115 የሚጻፈው፣ ኃይሉ በሽቦ ተጉዞ ሞተሩ ጋ እስኪደርስ ጥቂት ቮልት እንደሚወርድ ታስቦ ነው። ሞተር በአብዛኛው ከተጻፈለት 10 በመቶ ከፍ ወይም ዝቅ ቢልበት ይችለዋል። 220 ግን ለእሱ እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረውም።

የሚያሳስበኝ የሞተሩ መቃጠል ብቻ አይደለም። ካርቦን ያለው ሞተር ቮልት በጨመረ ቁጥር ፍጥነቱም ይጨምራል። አንድ ትንሽ ግራይንደር በደቂቃ 11,000 ጊዜ ይዞራል እንበል፤ 115 ሚሊ ሜትር ዲስክ ላይ የሚጻፈው የመጨረሻ ፍጥነት ብዙውን ጊዜ 13,300 ነው። ከዚያ ያለፈ ዲስክ ሊሰባበር ይችላል፤ ስባሪውም ፊት ላይ ያርፋል።

መፍትሔው 220ን ወደ 110 የሚያወርድ ትራንስፎርመር ነው። አቅሙን ለማወቅ ጽሑፉ ላይ ያለውን ቮልት በአምፔሩ አባዙት፦ ለምሳሌ 120 በ7.5 ሲባዛ 900 ዋት ይሆናል። ሞተር ሲነሳ ብዙ ስለሚስብ ልክ 900 የሆነውን አትግዙ፤ 1,500 ወይም 2,000 ይሁን።

ትራንስፎርመር ኸርዙን አይቀይርም። ግራይንደርና የእጅ ትራፓኖ ካርቦን ስላላቸው ብዙም አይጎዱም። ኮምፕረሰርና ትልልቅ የእንጨት መሰንጠቂያዎች ግን ብዙውን ጊዜ ካርቦን የሌለው ሞተር ስለሚይዙ ፍጥነታቸው የተመሠረተው በኸርዙ ላይ ነው፤ በ50 ኸርዝ ከስድስት አንድ እጅ ያህል ፍጥነት ያጣሉ፣ ይበልጥም ይግላሉ። በሞተሩ ላይ የተለጠፈው ጽሑፍ 115/230 ካለ በውስጡ ያሉትን ሽቦዎች አቀያይሮ በ230 ማሠራት ይቻላል፤ ይህ ግን የሞተር ባለሙያ ሥራ ነው።

በባትሪ የሚሠራ ከሆነ የሚታየው ቻርጀሩ ነው። 100–240 ካለ በሰላም ሰኩት፤ 120 ብቻ ካለ እሱም ትራንስፎርመር ይፈልጋል።

ዘመዳችሁ ገና ካልተነሳ ዛሬውኑ ደውሉለት፦ ሳጥኑ ላይ 220–240 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ካልተጻፈ አይግዛ፤ ገንዘቡን ይላክና ዕቃው እዚሁ ይገዛ።