«ምች ነው፤ ተኚበት» ያልኳት እኔ ነኝ

ስለ ፍቅረኛ ኩርፊያና ስለ ትዳር ጣጣ ስጽፍ የምታውቁኝ ሰው ዛሬ ስለ ራስ ምታት ላወራችሁ ነው። «ደግሞ ለራስ ምታት ምን ይጻፍለታል?» እንዳትሉኝ። እኔም እንደዚያው ነበር የማስበው። እንደዚያ በማሰቤ ምን እንዳደረግኩ ልንገራችሁና ራሳችሁ ፍረዱኝ።

አምና በጥቅምት፣ ቅዳሜ ከቀኑ 8 ሰዓት ገደማ፣ ከአክስቴ ልጅ ጋር ቤት ውስጥ ነበርን። ታላቄ ናት፤ 34 ዓመቷ ነው፤ ልብስ ሰፊ ናት። ሽንኩርት እየከተፈች ስናወራ ድንገት ቢላዋውን ጣለችና ሁለት እጇን ጭንቅላቷ ላይ ጭና «ወይኔ ራሴን!» ብላ ጮኸች። ቀስ በቀስ የመጣ ሕመም አይደለም። «ከኋላዬ ማጅራቴን በድንጋይ የመቱኝ ነው የመሰለኝ» ብላኛለች በኋላ። ወዲያው አስመለሳት። ፊቷ አመድ መሰለ።

እኔ ታዲያ ምን አልኩ? «ምች ነው! ተኚበት፤ ይለቅሻል።» ዳማከሴ አሽቼ አሸተትኳት፤ የራስ ምታት ክኒን ከሱቅ ገዝቼ አዋጥኳት። «ብርሃኑ ዓይኔን ወጋኝ» ስትለኝ መጋረጃውን ዘጋሁ። እሁድ «አንገቴን ማጠፍ አቃተኝ» ስትል «ትራስ ነው» አልኳት። አያችሁልኝ? ለሁሉም ነገር መልስ ነበረኝ! ሰኞ ጠዋት መኝታ ቤቷ በር ላይ ራሷን ስታ ወድቃ አገኘኋት።

ሆስፒታል ስንደርስ ዶክተሩ ስሟን እንኳ ሳይጠይቅ «በስንት ሰዓት ጀመራት?» አለ። «ቅዳሜ በ8 ሰዓት» አልኩ። ቀና ብሎ አየኝ። ምንም አልተናገረም። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

በቀጥታ ወደ ሲቲ ስካን ክፍል ወሰዷት። ጥቂት ደቂቃ ነው የፈጀው። ዶክተሩ ምስሉን እያሳየ አስረዳን። ደም በሲቲ ስካን ላይ ነጭ ሆኖ ይታያል። በደህና ሰው ጭንቅላት ውስጥ በአንጎል ዙሪያ ያለው ፈሳሽ ጥቁር ነው። በእሷ ምስል ላይ ጥቁር መሆን የነበረበት ቦታ ነጭ ሆኗል። «የደም ሥር ፈንድቷል። ቅዳሜ አንዴ ደምቷል፤ ዛሬ ደግሞ የደገመ ይመስለኛል» አለን።

ለመሆኑ ምንድን ነው የሚፈነዳው?

የብስክሌት ጎማ የውስጡ ላስቲክ ሲያረጅ በሳሳው በኩል እንደሚያብጠው ሁሉ፣ አንጎልን የሚመግብ የደም ሥርም በሚሰነጠቅበት መጋጠሚያ ላይ ሊሳሳና ሊያብጥ ይችላል። ያቺ ትንሽ ከረጢት አኑሪዝም ትባላለች። ከ100 ሰው ሦስት ያህሉ ሳያውቀው ይዟት ይኖራል፤ አብዛኛዎቹ ዕድሜ ልካቸውን አይፈነዱም። አንዷ ስትፈነዳ ግን ጨዋታው ሌላ ነው። ሆስፒታል ሳይደርሱ የሚሞቱ አሉ፤ ከተረፉትም ብዙዎች ጉዳት ይዘው ይኖራሉ። ከሁሉ የሚያስፈራው የደማው እንደገና የደማ እንደሆነ ነው። ይህ ደግሞ በብዛት የሚደርሰው በመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት ውስጥ ነው። እኔ መጋረጃ ዘግቼ «ተኚ» የምላት በእነዚያ ሰዓታት ነበር እንግዲህ!

ሲቲ ስካን ያልነበረበት ዘመን ሩቅ እንዳይመስላችሁ። በዚህ መሣሪያ የመጀመሪያዋ ሕመምተኛ የተመረመረችው እ.ኤ.አ. በ1971 ለንደን ውስጥ ነው። የሠራው እንግሊዛዊው መሐንዲስ ጎድፍሬይ ሃውንስፊልድ ከአላን ኮርማክ ጋር እ.ኤ.አ. በ1979 የኖቤል ሽልማት ተካፍሏል። ከዚያ በፊት ተራ ራጅ አጥንቱን እንጂ ውስጡ የፈሰሰውን ደም አያሳይም ነበር።

ፎቶ ብቻ አይደለም

እኔ ሲቲ ስካን በሽታውን አይቶ ስሙን ነግሮ የሚያበቃ ይመስለኝ ነበር። ለካ ሐኪሞቹ ከምን ጀምረው ምን እንደሚያደርጉ የሚወስኑት በእሱ ነው።

አንደኛ፣ ደም አለ ወይስ የለም? እዚህ ላይ ሰዓቱ ወሳኝ ነው። ሕመሙ በጀመረ በ6 ሰዓት ውስጥ በዘመናዊ መሣሪያ ተነስቶ በሚያውቅ ባለሙያ ከታየ ሲቲ ስካን ደሙን አያመልጠውም ማለት ይቻላል። ቀናት ባለፉ ቁጥር ግን ደሙ እየሟሟ ነጭነቱ ይደበዝዛል፤ ሳምንት ካለፈው ምስሉ ደህና መስሎ ሊታይ ይችላል። ስለዚህ ዘግይቶ ለመጣ፣ ወይም ምስሉ ደህና ሆኖ ሐኪሙ ለተጠራጠረ፣ ከወገብ ፈሳሽ ተቀድቶ ይመረመራል።

ሁለተኛ፣ ደሙ የት ነው፣ ምን ያህል ነው? ደሙ በወፍራሙ ከተኛ ከቀናት በኋላ የአንጎል ደም ሥሮች ሊኮማተሩና አንጎልን ደም ሊያስርቡ እንደሚችሉ ያስጠነቅቃል። ሚለር ፊሸር የሚባል ሐኪም ከባልደረቦቹ ጋር እ.ኤ.አ. በ1980 በሲቲ ስካን ላይ የሚታየውን የደም መጠን በደረጃ የከፋፈለው ለዚህ ነው። በአንጎል ውስጥ ያሉት የፈሳሽ ጓዳዎች ካበጡ ደግሞ ፈሳሹ መውጫ አጥቷል ማለት ነውና በቀጭን ቱቦ ማስተንፈስ ይቀድማል።

ሦስተኛ፣ የፈነዳችው ከረጢት የትኛዋ ናት? ለዚህ በክንድ ደም ሥር ቀለም ይሰጥና ሲቲ ስካኑ ይደገማል፤ ሲቲ አንጂዮግራፊ ይሉታል። ያኔ የደም ሥሮቹ እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ ተዘርግተው ይታያሉ። የከረጢቷ ስፋት፣ አንገቷ ጠባብ ወይም ሰፊ መሆኑ፣ ከጎኗ የሚወጣው ሥር ሁሉ ይለካል። በጣም ትናንሾቹ ግን ሊያመልጡት ስለሚችሉ አንዳንዴ በብሽሽት ወይም በክንድ በኩል ቱቦ አስገብተው እንደገና ያያሉ።

ይሄ ሁሉ ተደምሮ ነው እንግዲህ «በየት በኩል እንግባ?» የሚለው የሚወሰነው። መንገዱ በዋናነት ሁለት ነው። አንደኛው ራስ ቅል ተከፍቶ የከረጢቷ አንገት በትንሽ የብረት መቆንጠጫ፣ በክሊፕ፣ መታነቅ ነው። ይህን ለመጀመሪያ ጊዜ ያደረገው አሜሪካዊው ዋልተር ዳንዲ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1937። ሁለተኛው ራስ ሳይከፈት በደም ሥር ውስጥ ቀጭን ቱቦ ልኮ ከረጢቷን በፕላቲነም ሽቦ ጥቅል መሙላት ነው፤ ኮይል ይባላል። ጣሊያናዊው ጉይዶ ጉሊየልሚ የፈጠረው ይህ ሽቦ በሰው ላይ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1990 ነው።

«የትኛው ይሻላል?» ብዬ መጠየቄ አልቀረም። እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ 2,143 ሕሙማን የተካፈሉበት ጥናት ነበር። በሁለቱም መንገድ መታከም ይችላሉ ከተባሉት መካከል፣ በዓመቱ የሞቱት ወይም ራሳቸውን ችለው መኖር ያቃታቸው በኮይል ከታከሙት ከ100 ውስጥ 24 ያህሉ፣ በክሊፕ ከታከሙት ደግሞ 31 ያህሉ ሆነው ተገኙ። «ታዲያ ኮይል ይደረግላት!» አልኩ እንደ ልማዴ ቸኩዬ። ዶክተሩ ወደ ምስሉ አመለከተኝ። ከደም ሥሩ አጠገብ ረግቶ የተቋጠረ ደም አንጎሏን ወደ አንድ ጎን ገፍቶታል፤ ከረጢቷም አንገተ ሰፊ ናት። «ይህን የረጋ ደም ለማውጣት መክፈታችን አይቀርም። ከከፈትን አይቀር ክሊፑንም እዚያው እናደርጋለን» አለ። ጥናቱ በሁለቱም መንገድ መታከም ለሚችሉት ነው የተደረገው። የእሷን መንገድ የመረጠላት ምስሉ ነው።

ቀዶ ጥገናው ተሳካ። ግን በዚያ አላበቃም። ያ የደም ሥር መኮማተር የሚያሰጋው ከአራተኛው ቀን ጀምሮ እስከ ሁለት ሳምንት ነው። ኒሞዲፒን የሚባለውን መድኃኒት 21 ቀን ወሰደች። በየመሐሉ ሲቲ ስካን ይደገምላት ነበር። ምርመራው ርካሽ አይደለም፤ ቤተሰብ ዕቁቡንም ወርቁንም አሟጠጠ።

ዛሬ ቤቷ ናት። ትስቃለች፣ ትናገራለች፣ አንዳንዴ ቃል ይጠፋባታል። የቀኝ እጇ ጣቶች ግን እንደ ድሮው አይታዘዙም። መርፌ ውስጥ ክር የማስገባው እኔ ሆኛለሁ። ቅዳሜውኑ ብወስዳት ኖሮ እጇ ይተርፍ ነበር ወይ ብዬ ዶክተሩን ጠየቅኩት። «የሰኞው መድማት ላይደርስ ይችል ነበር» ብቻ አለኝ። እሷ እስካሁን አንዲት ቃል አልወቀሰችኝም። እሱ ነው የባሰብኝ።

እንግዲህ እናንተስ?

በሉ አትደንግጡ። ራሳችሁን ባመማችሁ ቁጥር ሲቲ ስካን ካልተነሳሁ አትበሉ፤ ራጅም በትንሹ ጨረር ነው። አብዛኛው ራስ ምታት የድካም፣ የጭንቀት ወይም የማይግሬን ነው። ነገር ግን እነዚህን ልብ በሉ።

ሕመሙ እንደ መብረቅ ድንገት ወርዶ በደቂቃ ውስጥ የመጨረሻው ደረጃ ላይ ከደረሰ፣ «በሕይወቴ እንዲህ አሞኝ አያውቅም» ካሰኘ፣ ማስመለስ፣ የአንገት መገተር፣ ብርሃን መጥላት፣ ራስን መሳት ከታከለበት፣ ወይም አንድ ዓይን ሽፋኑ ከወደቀ፣ ድንገተኛ ክፍል ወዳለው ሆስፒታል ሩጡ። የጀመረበትን ሰዓት ስልካችሁ ላይ ጻፉ፤ ዶክተሩ መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ እሱን ነው። አስፕሪን አትስጡ፤ ደም ያቀጥናል። ሴቷ ነፍሰ ጡር ከሆነች፣ ወይም በሽተኛው የኩላሊት ሕመም ወይም ለቀለም መድኃኒት አለርጂ ካለበት ከምርመራው በፊት ተናገሩ። ሲጋራ የምታጨሱ አቁሙ፤ ደም ግፊታችሁን ተለኩ፤ ሁለቱ ነገሮች አኑሪዝምን ያባብሳሉ። ከወላጅ፣ ከወንድምና ከእህት መሐል ሁለት ሰው በዚህ ሕመም የተጠቃባችሁ ደግሞ ሳያማችሁ ሐኪም አማክሩ።

ዳማከሴውን አልጠላሁትም፤ እናቴ ያሳደገችኝ በእሱ ነው። ግን ድንገት «ወይኔ ራሴን!» ብሎ የጮኸ ሰው ቤታችሁ ካለ እንደ እኔ መጋረጃ አትዝጉ፤ ታክሲ ጥሩ። «ምች ነው» ብሎኝ የሚመልሰኝ ሐኪም ይሁን።

ቸር ይግጠመን! ሳምንት ወደ ኩርፊያችን እንመለሳለን።