ከሳንባ ውጭ መተንፈስ

ነቀምቴ ከባሕር ወለል ከ2000 ሜትር በላይ ከፍ ብላ ስለተቀመጠች፣ በአንድ ትንፋሽ የሚገባው ኦክስጅን ባሕር ዳርቻ ካለው በአንድ አምስተኛ ገደማ ያንሳል። ጤነኛ ሰው ይህን አያስተውለውም። ነፍሰ ጡር ግን የኦክስጅን ፍላጎቷ በ20 በመቶ ገደማ ጨምሯል፤ ማህፀኗም ድያፍራሟን ወደ ላይ ገፍቶ ሳንባዋ ውስጥ የሚተርፈውን አየር ቀንሶባታል። ከባድ የሳንባ ምች ሲይዛት ከሌላው ሰው ፈጥና የምትዳከመው ለዚህ ነው።

ቬንቲሌተር እንኳ ሲያቅተው ሐኪሞች የሚያስቡት የመጨረሻው መሣሪያ ኤክሞ ይባላል። የኩላሊት እጥበት ያየ ሰው አሠራሩ አይከብደውም። ከጭኗ ትልቅ ደም መልስ ወፍራም ቱቦ ይገባል፤ ፓምፑ በደቂቃ ከ4 እስከ 5 ሊትር ደም ይስባል። ደሙ በቀጫጭን የፕላስቲክ ቃጫዎች መካከል ሲያልፍ ካርቦን ዳይኦክሳይዱን ትቶ ኦክስጅን ይይዛል፤ ከዚያ ሞቆ በአንገቷ በኩል ይመለሳል። ደሙ ቱቦው ውስጥ እንዳይረጋ የሚሰጠው ሄፓሪን በእንግዴ ልጅ አልፎ ወደ ፅንሱ አይደርስም። መሣሪያው በሽታውን አያክምም፤ ሳንባ እስኪያገግም ፋታ ይሰጣል እንጂ።

የኤክሞ ዘመድ የሆነው የልብና የሳንባ ማሽን አዲስ አበባ፣ ጥቁር አንበሳ ግቢ ባለው የልብ ማዕከል ለቀዶ ሕክምና ያገለግላል። ያ ግን ለሰዓታት ነው፤ ኤክሞ ቀናትና ሳምንታት ይሠራል። አዋቂን በኤክሞ ለመጀመሪያ ጊዜ ያተረፉት አሜሪካዊው ሐኪም ዶናልድ ሂል ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ1971። እ.ኤ.አ. በ2009 የአሳማ ጉንፋን አውስትራሊያንና ኒውዚላንድን ሲመታ ነፍሰ ጡሮችና አራሶችም ተገጥሞላቸው አብዛኞቹ ድነዋል።

ለወለጋ እናት ግን ጉዳዩ የሚጀምረው ጣት ላይ ከሚሰካው ፐልስ ኦክሲሜትር ነው። ለነፍሰ ጡር ቁጥሩ ከ95 በታች እንዳይወርድ ይፈለጋል። ማህፀኑ ትልቁን ደም መልስ እንዳይጫነው በግራ ጎኗ ታጋድማለች፤ ቀጥሎ ማስክ፣ ቀጥሎ ቬንቲሌተር። ቤተሰብ «ልጁ ቶሎ ይውጣላት» ማለቱ ያለ ነው፤ መውለድ ግን ትንፋሿን ሁልጊዜ አያሻሽለውም።

ከዚያ ወደ አዲስ አበባ ሪፈር ይጻፋል። ባለ 10 ሊትር ሲሊንደር በ150 ባር ሲሞላ 1500 ሊትር ኦክስጅን ይይዛል። ማስኩ በደቂቃ 15 ሊትር ከወሰደ በ100 ደቂቃ ያልቃል፤ ይኸውም አምቡላንሱ ባኮ አካባቢ ሲደርስ ነው። አዲስ አበባ ደግሞ ከነቀምቴ 330 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች። መንገዱ ሰባት ሰዓት ቢፈጅ 6300 ሊትር፣ ማለትም አምስት ሲሊንደር ያስፈልጋል፤ ወይም ሳያልቅ መንገድ ላይ የሚቀይርላት ሰው በስልክ ቀድሞ መገኘት አለበት።