ጨው የበዛበት ማዕድ፣ እርምጃ ያነሰበት ቀን

ሥር የሰደዱ የሚባሉት፣ ማለትም ቀስ በቀስ ተፈጥረው ለረጅም ዘመን የሚቆዩት እንደ ደም ግፊትና ስኳር ያሉ በሽታዎች ከዕለት ማዕድና ከእንቅስቃሴ ማነስ ጋር በእጅጉ የተያያዙ ናቸው። የዓለም ጤና ድርጅት አንድ አዋቂ በቀን ከ5 ግራም ያነሰ፣ አንድ የሻይ ማንኪያ የማይሞላ ጨው እንዲመገብ ይመክራል፤ ይሁን እንጂ በርበሬውም ምጥን ሽሮውም ሲዘጋጁ ብዙ ጊዜ ጨው ስለሚገባባቸው፣ ወጡ ሊወጣ ሲል የሚጨመረው በጨው ላይ ጨው መደረብ ይሆናል። ትርፉ ጨው በሰውነት ውስጥ ውኃ ስለሚያቆይ የደም መጠን ይጨምራል፣ የደም ሥሮችም ይጨናነቃሉ፤ ይህ ለዓመታት ሲቀጥል ልብን፣ ኩላሊትንና አንጎልን ይጎዳል። እጅግ የሚያሳዝነው ብዙዎች ሕመም ስለማይሰማቸው ግፊታቸውን ሳይለኩ መኖራቸው ነው።

ድርጅቱ በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ፣ ለምሳሌ ፈጠን ያለ የእግር ጉዞ ማድረግንም ይመክራል፤ የሚሠራ ጡንቻ በደም ውስጥ ያለውን ስኳር ይጠቀማልና። በአዲስ አበባ ከአያት ተነሥቶ ጦር ኃይሎች የሚያበቃው፣ በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ቀላል ባቡር ለዚህ ይመቻል፦ የጦር ኃይሎች ሰፈር ነዋሪ ቀደም ብሎ ኮካ ኮላ ፌርማታ ወርዶ የቀረውን በእግሩ ቢጨርስ፣ ለስፖርት ቤት ሳይከፍል የቀኑን ድርሻ ይጀምራል። መድኃኒት የሚወስድ ሰው ግን ይህን በሕክምናው ላይ ይጨምራል እንጂ፣ ሐኪሙን ሳያማክር መድኃኒቱን ማቋረጥ የለበትም።