ካርቶኑን አንብብልን፦ ስለ መኪና መለዋወጫ ዕቃ አመራረጥ

የቋንቋ ተማሪ ስለ ፍሬን ሸራ ምን አገባው እንደምትሉ ዐውቃለሁ። እኔም እስካለፈው ዓመት ድረስ አላገባኝም ነበር። ነገር ግን ከመካከላችን ብዙዎቻችን ዩኒቨርሲቲ ከገባንበት ቀን ጀምሮ ለቤተ ሰባችን የባዕድ ፊደል አንባቢዎች ሆነናል። የመድኃኒቱ ብልቃጥ፣ የጸረ ተባዩ ጣሳ፣ የመለዋወጫው ካርቶን ሁሉ ወደ እኛ ይመጣል። «የተማርህ ልጅ ነህና ይህን አንብብልን» እንባላለን፤ እኛም እናነባለን። ያነበብነውን ነገር ማወቅ አለማወቃችንን ግን ማንም አይጠይቀንም። ይህ ጽሑፍ ሳላውቅ ስላነበብሁት አንድ ካርቶንና ከዚያ በኋላ ስለተማርሁት ነገር ነው።

አገሬ ሸዋ ሮቢት ነው። አጎቴ አንዲት አይሱዙ የጭነት መኪና አለቻቸው። ከይፋት ቆላ ሽንኩርትና ማሾ ጭነው ወደ አዲስ አበባ ይወጣሉ፤ ሲመለሱ ሲሚንቶም ይሁን ሌላ ያገኙትን ይዘው ይወርዳሉ። «አንድ ያላት እንቅልፍ የላት» እንዲሉ፣ የቤቱ ሁሉ ኑሮ በዚያች መኪና ላይ የተንጠለጠለ ነው። አምና በሰኔ ፈተና ጨርሼ ከእርሳቸው ጋር ለመሄድ ስሰናዳ የኋላው ፍሬን ሸራ አልቆ ስለነበር አብረን ልንገዛ ሄድን። ባለ ሱቁ ሁለት ካርቶን አቀረበልን፤ የሁለተኛው ዋጋ የመጀመሪያው ግማሽ ነው። በርካሹ ላይ በወርቃማ ቀለም «ጄኑይን ፓርትስ» ተብሎ ተጽፏል። አጎቴ ወደ እኔ ዞረው፣ «ምን ይላል?» አሉኝ። «እውነተኛ ዕቃ፣ ኦሪጅናል ማለት ነው» አልኋቸው። በእኔ ቃል ገዙ።

የጣርማ በርን ዋሻ አልፈን ወደ ደብረ ሲና ማሽቆልቆል ስንጀምር የተቃጠለ ነገር ሸተተን። ከደብረ ሲና በታች አጎቴ ፍሬኑን ቢረግጡት መኪናዋ እንደ ወትሮዋ አልታዘዘችም። አንዲት ቃል አልተናገሩም፤ ማርሹን ወደ ሁለተኛ፣ ቀጥሎም ወደ አንደኛ መለሱት። ሞተሩ ጮኸ። መኪናዋን ከገደሉ አሽሽተው ወደ ተራራው በኩል አስጠጉና ከአፈር ክምር ጋር አጋጭተው አቆሟት። ረዳቱ ዘልሎ ወርዶ በጎማው ሥር ድንጋይ ታኮ አደረገ። ጥቂት ቆይተው አጎቴ፣ «ልጄ፣ ካርቶኑ ምን ይላል ነበር ያልኸኝ?» አሉ። በድምፃቸው ቁጣ አልነበረበትም፤ እስከ ዛሬ የሚቆጠቁጠኝም እርሱ ነው።

በማግሥቱ ሸዋ ሮቢት ጋራዥ ውስጥ ታምቡሩ ሲከፈት፣ ሸራው እንደ መስተዋት አብለጭልጮ፣ ተሰነጣጥቆ፣ ከብረቱ መላቀቅ ጀምሮ ተገኘ። አጎቴ ከእንግዲህ ከኦሪጅናል በቀር ምንም ዕቃ እንደማይገዙ ማሉ። መካኒኩ ግን ሳቀና፣ «ጋሼ፣ ሁሉንም ኦሪጅናል እገዛለሁ ካሉማ ገንዘብዎ በስፖኪዮና በመብራት አልቆ ፍሬኑ ላይ ሲደርሱ ኪስዎ ባዶ ይሆናል» አላቸው። የዚህ ጽሑፍ ቁም ነገር በዚህ አነጋገር ውስጥ አለ። ጥያቄው «ኦሪጅናል ነው ወይስ አይደለም?» ብቻ ሳይሆን «ይህ ዕቃ ቢሰበር ምን ይመጣል?» የሚል ነው።

በመጀመሪያ ስሞቹን እንለይ። በገበያ ላይ «ኦሪጅናል» የሚለው ቃል ብዙ ነገር ይሸፍናልና። አንደኛው፣ የመኪናው ፋብሪካ በራሱ ስምና ካርቶን በወኪሉ በኩል የሚሸጠው ነው። ይሁን እንጂ የመኪና ፋብሪካ ዕቃውን ሁሉ ራሱ አይሠራም፤ ብዙውን ከሌሎች ፋብሪካዎች ይገዛል። ለምሳሌ ዴንሶ የሚባለው የጃፓን ኩባንያ እስከ 1949 እ.ኤ.አ. የቶዮታ ክፍል ነበር፤ ከዚያ ተለይቶ ለቶዮታም ለሌሎችም ዕቃ ይሠራል፣ በራሱም ካርቶን ይሸጣል። እንግዲህ ሁለተኛው ዓይነት ይህ ነው፤ ፋብሪካው ያው ሆኖ ካርቶኑ የተለየ፣ ብዙ ጊዜም ዋጋው የቀነሰ። ሦስተኛው፣ ለመኪናው ፋብሪካ ሠርቶ የማያውቅ ድርጅት በራሱ ስም የሚሠራው ተመሳሳይ ዕቃ ነው፤ ከዚህ ውስጥ እጅግ ጥሩም እጅግ መጥፎም ይገኛል። አራተኛው፣ ከፈረሰ መኪና የወጣ ያገለገለ ዕቃ ነው፤ በመርካቶ ሶማሌ ተራ የሚታወቀው በዚህ ነው።

አምስተኛው ግን ከእነዚህ ከአራቱ ወገን አይደለም። ይኸውም የሌላውን ስም ሰርቆ የለበሰው አስመስሎ የተሠራ ዕቃ ነው። ሦስተኛው ዓይነት «እኔ እገሌ ነኝ፣ ዋጋዬም ይህ ነው» ይላል፤ አምስተኛው ግን ይዋሻል። እኛ የገዛነው ይህንን ነበር። «ጄኑይን» የሚለው ቃል የማንም ንብረት አይደለም፤ ማተሚያ ያለው ሁሉ ያትመዋል። እኔ ቃሉን በትክክል ተርጉሜያለሁ፤ የተረጎምሁት ግን ውሸት ነበር።

ፍሬን በእኛ አገር መንገድ ላይ ለምን እንዲህ ያለ ነገር እንደሆነ ለማስረዳት አንድ የሳይንስ ተማሪ ጓደኛዬ ሒሳቡን ሠርቶልኛል። ጣርማ በር ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር ይበልጣል፤ ሸዋ ሮቢት ወደ 1,280 ሜትር ግድም ነው። ጭነቷን ጨምሮ 7 ቶን የምትመዝን መኪና 1,700 ሜትር ወደ ታች ስትወርድ የሚለቀቀው ኀይል ከ300 ሊትር በላይ ቀዝቃዛ ውኃ ለማፍላት ይበቃል። ነጂው በማርሽ ካልያዛት ከዚህ ሙቀት አብዛኛው የሚያርፈው በሸራው ላይ ነው። ደኅና ሸራ ይህን ይችላል። መጥፎው ግን ማጣበቂያው ይቃጠላል፤ የሚወጣው ጋዝ በሸራውና በታምቡሩ መካከል ይገባና መያዙን ያሳጣዋል። የፍሬኑ ዘይትም እንዲሁ ነው። ዶት 3 የሚባለው አዲስ ሳለ ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሳይፈላ ይቆያል፤ ከአየር እርጥበት ከጠጣ በኋላ ግን መፍያው ወደ 140 ሊወርድ ይችላል። ከፈላ ደግሞ እግር የሚረግጠው እንፋሎት ነው።

ስለዚህ ከመካኒኩ ቃል ተነሥቼ ዕቃዎቹን በሦስት ከፍያቸዋለሁ።

በመጀመሪያው ወገን፣ ቢሰበሩ ሰው የሚሞትባቸው አሉ፤ የፍሬን ሸራና ዘይት፣ የመሪ ዕቃዎች፣ ጎማ። በእነዚህ ላይ ከመጀመሪያውና ከሁለተኛው ዓይነት፣ ቢያንስ ስሙ በሥራ ከተፈተነ ድርጅት መውረድ አይገባም። ያገለገለ ሸራና ጎማም በፍጹም አይገዛም። የባጃጅ ነጂ ወንድሞቻችንም ይህን ለትልቅ መኪና ብቻ የተነገረ አያድርጉት።

በሁለተኛው ወገን፣ ቢሰበሩ መኪናዋን የሚያቆሙ፣ ሌላም ዕቃ ይዘው የሚጠፉ አሉ፤ ፍሪሲዮን፣ ኩሽኔታ፣ ቺንጋ፣ የውኃ ፖምፓ፣ የዘይት ፊልትሮ። እዚህ ላይ ታዋቂ የሆነ ሦስተኛ ዓይነት ዕቃ ብልህ ምርጫ ነው። ከእነዚህ መካከል የራዲያተር ክዳን ትንሽ ብትሆንም አትናቅ። በደብረ ብርሃን ከፍታ ውኃ በ90 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ ክዳኗ ግፊት ይዛ መፍያውን ከፍ ስለምታደርገው ነው መኪና ከይፋት ሙቀት ተነሥታ ያንን ዳገት ሳትፈላ የምትወጣው። ሞላዋ የላላ ርካሽ ክዳን ሞተር ያስበላል።

በሦስተኛው ወገን፣ ቢሰበሩ የሚያሳፍሩ እንጂ የማይገድሉ አሉ፤ ፓራፋንጎ፣ የበር እጀታ፣ የውስጥ ጌጥ። እዚህ ያገለገለውም ርካሹም ይበቃል። ከዚህ የተረፈው ብር ወደ መጀመሪያው ወገን ይዛወር።

አሁን ወደ ንባቡ ልመለስ። ካርቶን ስጡኝ ቢሉን ከትልልቁ ፊደል ይልቅ ትንንሹን እናንብብ። አንደኛ፣ የዕቃውን ቁጥር ፈልገን ከአሮጌው ዕቃ ወይም ከመኪናው መጽሐፍ ጋር እናስተያይ። በቶዮታ ዘንድ ለምሳሌ ቁጥሩ ብዙውን ጊዜ በአምስት በአምስት ተከፍሎ ይጻፋል፤ የመጀመሪያዎቹ አምስቱ የዕቃውን ዓይነት ይናገራሉ፤ በ04465 የሚጀምር የፊት ፍሬን ሸራ ነው። ሁለተኛ፣ ብዙ ጊዜ በሸራው ጠርዝ ላይ የሚታተሙ ሁለት የላቲን ፊደላት አሉ፤ የመጀመሪያው በመጠነኛ ሙቀት፣ ሁለተኛው ሲግል ሸራው ምን ያህል እንደሚይዝ ያመለክታል። ከኢ ኤፍ፣ ከኤፍም ጂ ይበልጣል። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ያነሰ ከሆነ ሸራው ሲግል ይከዳል ማለት ነው። ሦስተኛ፣ የፊደል ስሕተት ያለበት፣ ኅትመቱ የደበዘዘ ካርቶን አይታመን። አራተኛ፣ አሮጌውን ዕቃ ይዘን ሄደን ክብደቱንና ልኩን እናመዛዝን። አምስተኛ፣ ደረሰኝ እንጠይቅ፤ ደረሰኝ የሚሸሽ ሻጭ ዕቃውን ያውቀዋል። ያልጠረጠረ ተመነጠረ።

ይህ ነገር ወደፊት የሚብስ ይመስለኛል። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከለከለ፤ በዚያው ዓመት በሐምሌ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ተደረገ፤ የውጭ ዕቃም ዋጋው ናረ። ያሉት መኪናዎች ያረጃሉ፣ ዕቃ ይፈልጋሉ፤ ዕቃው በተወደደ መጠንም አስመሳዩ ይበረታል። የምንሳፈርባቸው ሚኒባሶችና ቅጥቅጦች ከዚህ ውጪ አይደሉም። በየሰኔው በእነርሱ ጣርማ በርን የምንወርደው እኛው ነን።

አጎቴ ዛሬም ካርቶን ይሰጡኛል። እኔ ግን እንደ ቀድሞው ቶሎ አልመልስም። «ይቆዩ ጋሼ፣ ቁጥሩን ልየው» እላለሁ። እናንተም እንዲሁ ብትሉ ማንም «አልተማረም» አይላችሁም። ሳይቃጠል በቅጠል ነው።